ጊቤ ሳልወርድ ንገረኝ

ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ሌሊት ነው፤ ሙከሚል ግን ሌሊቱን ሲሠራ ስለሚያድር እንቅልፍ የሚያጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘግቶ፣ ካልሲውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ ተኝቷል ይባል እንጂ ዓይኑ ፍጥጥ ብሏል። ከላይ የምትኖረው አሮጊት ወንበር ትጎትታለች፣ ከታች ያለው ሰውዬ ውሻውን ይቆጣል፣ ጀርመን አገር ቀኑ ጀምሯል፣ ለእሱ ግን ገና ትናንት አላለቀም። የከተማው አውቶቡሶች የሚያድሩበት ግቢ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ እሱና አንድ ሶርያዊ ወለል ይወለውላሉ፣ ከወንበር ሥር ማስቲካ ይፍቃሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቡታጅራ ላይ የከባድ መኪና ካምቢዮ ሲያወርድና ሲሰቅል የኖረ ሰው ማስቲካ ይፍቃል። የሥራ ቢሮዋ ሴትዮ የሙያ ወረቀት ጠይቃው ነበር፣ ማኅተም ያለው፤ ወረቀት ስላልነበረው እጁን ዘርግቶ አሳያት፣ ጥፍሩ ሥር ገብቶ የቀረውን ጥቁር ዘይት። ሴትዮዋ ፈገግ አለችና ኮምፒዩተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደጻፈች እስከ ዛሬ አያውቅም፣ ግን የመጣለት መወልወያ ነበር።

ትናንት ሌሊት፣ አይ፣ ዛሬ ሌሊት፣ ከአንዱ አውቶቡስ ሥር ዘይት ጠብ ጠብ ሲል አየ። የጠራው ሽታው ነው፤ የማርሽ ዘይት ሽታ ሙከሚል ተኝቶም ያውቀዋል። መወልወያውን አስደግፎ በጀርባው ተንጋለለ፣ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰደደ፣ በዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ የገባ መሰለው። አለቃው ደርሶ እግሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ያንተ ሥራ አይደለም፣ ውጣ አለው፤ እዚህ ቤት ዘይት ያየ ሰው ስልኩ ላይ ምልክት ነክቶ ያመለክታል እንጂ መኪና ሥር አይገባም። ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የግቢው መካኒክ ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ መጣ፤ ዘይት ማገጃውን ላስቲክ ንክች አላደረገም። መጀመሪያ ከላይ ያለችውን፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክለውን መተንፈሻ ፈታ፣ በአየር ነፋት፣ ጥቁር ጭቃ ከውስጧ ተፈናጥሮ ወጣ፣ መልሶ ገጠማት፣ ዘይቱን ጠርጎ ሄደ። ሙከሚል በሆዱ ጎበዝ አለ። ዘይት ሲግል አየሩ ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በላስቲኩ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል፣ ላስቲክ ብትቀይር ብትቀይር ዋጋ የለውም፤ ይኼን እሱም ድሮ ያውቃል። ትራም ውስጥ ምንም አላሰበም፣ ደረጃውን ሲወጣ ምንም አላሰበም። አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ነው ቃጫው የመጣበት።

ቃጫው። ያ የእንሰት ቃጫ። ነሐሴ ነው፣ ያለፈው ዓመት ነሐሴ፣ ከአገር ሊወጣ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ታላቅ ወንድሙ ሰይዶ መስቃን ውስጥ ከገበሬ ማሳ ቃሪያ ሊጭን በከባድ መኪናው ወንዝ ሲሻገር ውሃው ከፍ ብሎበት ካምቢዮው ውስጥ ገብቷል፣ ሲከፍቱት ዘይቱ ወተት መስሎ ወጣ። መኪናው ጋራዥ አልደረሰም፣ እናታቸው ደጅ ቆሟል፤ ሙከሚል ብቻውን ሥሩ ገብቶ ዘይቱን ቀየረ፣ ከዚያ የሹፌሩን ጋቢና ወደፊት አጋድሎ ካምቢዮው አናት ላይ ያለችውን መተንፈሻ አያት፣ ክዳኗ ወልቃ ጠፍታለች፣ አፏን ከፍታለች፣ ነገም ያው ወንዝ አለ። ጋራዡን አብሮት የከፈተው ነብዩ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥመው ቀጭን ቱቦ ገጥሞ ወደ ላይ ያስረዝማል፤ ውሃ አይደርስበትም፣ አየርም ይወጣል። ሙከሚል ግን ቱቦ ፍለጋ ከተማ መውጣቱ ታከተው። እማ ለገመድ ብላ የፈተለችው ቃጫ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ክንድ የምትሆን በጠሰ፣ ጠቅልሎ መተንፈሻዋ ውስጥ ወተፈ፣ ከላይ ግራሶ ለቀለቀባት። አቧራም ውሃም አታስገባም፣ ትንሽ ትንሽ ግን ትተነፍሳለች፣ ክረምቱ ሲያልፍ አወጣታለሁ አለ ለራሱ። ክረምቱ አለፈ፣ እሱም አለፈ፤ ቃጫዋ ዘይትና አቧራ ጠጥታ ድንጋይ ሆና ቀርታለች። ለማንም አልተናገረም፣ ነብዩ ሰምቶ እንዳይስቅበት።

መኪናው ከሰኔ ጀምሮ ያፈሳል። ከካምቢዮው በኋላ በኩል፣ ዘንጉ ከሚወጣበት። ሰይዶ በስልክ ቪዲዮ እያነሳ ይልክለታል፣ ሙከሚል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሁለት ጣቱ እያጎላ ያያል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ በድምፅ መልስ ይልካል። ላስቲኩ ነው፣ ቀይሩት። ነብዩ ቀየረው፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ አፈሰሰ። ላስቲኩ ጥራት የለውም፣ ደህናውን ፈልጋችሁ ቀይሩት፤ ቀየሩት፣ አፈሰሰ። እዚህ አገር መወልወያ እንዲያስደግፍ እንኳ የማይፈቀድለት ሰው እዚያ አገር በድምፅ ብቻ ካምቢዮ ያስወርዳል። ውጭ አገር ካለ ሰው የሚመጣ ድምፅ፣ ያው እንደምናውቀው፣ ዘይት ውስጥ ከተነከረ እጅ ይበልጥ ይታመናል፤ ባለ ድምፁም ቀስ በቀስ ራሱን ማመን ይጀምራል። ደስ ይለው ነበር፣ ምን ያደርጋል መዋሸት፤ ያ ጥያቄ በመጣለት ቀን የተሻለ ይተኛ ነበር። የዛሬ አራት ቀን ሰይዶ ሦስተኛው ላስቲክም እንዳፈሰሰ ሲነግረው ምን አለ? ነብዩ ላስቲኩን በመዶሻ ሲያስገባ አጣሞት ነው፣ እጁ ከብዷል፣ አጠገቡ ቆመህ አስደግመው። እንዲህ አለ። በራሱ አፍ።

ቀና ብሎ ተቀመጠ። አገር ቤት በአንድ ሰዓት ይቀድማል፣ እዚህ አራት ተኩል ከሆነ እዚያ አምስት ተኩል ነው፣ ሰይዶ ትናንት ቃሪያ ጭኖ አድሯል፣ ዛሬ በጠዋት ተነስቶ ወደ ጅማ ነው የሚሄደው፤ አራተኛው ላስቲክ የተገጠመለት ትናንት ከሰዓት ነው፣ ጭነት ይዞ ዳገት ቁልቁለት ሲል ካምቢዮው ይግላል፣ ዘይቱ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ወልቂጤን አልፎ ደግሞ ጊቤ አለ። ጊቤን ሙሉ ጭነት የያዘ ሰው የሚወርደው በማርሽ ነው፣ በፍሬን ብቻ እወርዳለሁ ያለ መሀል ላይ ፍሬኑ ግሎ እጅ ይሰጠዋል፤ ዘይት ያጣ ካምቢዮ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ቢተፋው ያ ሁሉ ቶን በገዛ ክብደቱ ይነዳል። ደወለ። ስልኩ ጥሪ አይቀበልም አለችው በተቀዳ ድምፅ የምትመልሰው ሴትዮ፣ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ያቺ ሴትዮ እማ የሞተች ቀንም ይኼንኑ ነበር የነገረችው። እማ የሞተችው እሱ በሄደ በአምስተኛው ወር ነው፤ ቀብሯን በስልክ አየ፣ ምስሉ እየቆመ እየሄደ፣ አፈር የያዘ እጅ መሀል አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቆ ቀረ፣ የሰይዶ እጅ ነበር። መልሶ ደወለ። ጥሪ አይቀበልም።

ለሰይዶ ሚስት ለዘይባ ደወለ።

«አሰላሙ አለይኩም ሙኬ! ምነው በዚህ ሰዓት፣ አልተኛህም?»

«ወአለይኩም ሰላም። ሰይዶ የት ደረሰ?»

«ሱብሂ ሰግዶ ወጣ። ስልኩ ጠፍቷል መሰለኝ፣ ማታ መብራት አልነበረም፣ ሳይሞላው ነው የሄደው። ምነው ድምፅህ? አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ። ስለ መኪናው ልጠይቀው ብዬ ነው።»

«ኧረ እሱንስ ገላገልከው! ስንት ቀን ተጨንቆ ነበር፣ ወላሂ። ሙከሚል አይቶታል፣ ከእንግዲህ ስጋት የለኝም ብሎ ልቡ ሞልቶ ነው የሄደው። አላህ ይጠብቅህ፣ አንተ ባትኖር ምን ይሆን ነበር!»

እሺ አለ። አየሁት ያለው በመዳፉ ልክ በሆነ መስታወት ነው፣ ያላየው ደግሞ ራሱ በእጁ የወተፈውን ነው። ሊነግራት አፉ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ቤቱ ውስጥ የምትሆነውን አሰበ፣ ሦስት ልጆች ይዛ፣ ስልክ የማይመታ ባል እየጠበቀች፣ እና ዋጠው። ለልጆቹ ሰላም በይልኝ ብሎ ዘጋ። ፈራ፣ እንደ ልጅ ፈራ። ሰይዶ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ወንድም ብቻ አልነበረም፤ ሙከሚል አሥር ዓመቱ ሳለ ከፊት ወንበር አጠገቡ ያስቀምጠው፣ ሞተሩን እያሰማ ይኼ ድምፅ ምን ይልሃል እያለ ይጠይቀው ነበር። ሙከሚል ማርሽ ካልገባ ፎሌ፣ ሲገባ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ይመልሳል። ልጁ ጆሮ አለው ብሎ ጋራዥ ያስገባው እሱ ነው። አሁን ሰይዶ የት ነው? ወልቂጤ ደርሷል? አንድ ተስፋ አለ። ሰይዶ ጊቤን ሳይሰግድ አይወርድም። የፈለገ ቢቸኩል ወልቂጤ መውጫ ላይ መኪናውን አቁሞ ዙህር ይሰግዳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አድርጎ ነው የሚነሳው። ዙህር እዚያ ስድስት ተኩል ገደማ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ግን ሙከሚል የአንድ ሰው ስልክ የለውም፤ እዚያ ዘመድ ያለው ነብዩ ብቻ ነው።

ለነብዩ ለመደወል ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቶ አስቀመጠ። ጊዜ እንደሌለው ያውቃል፣ እያንዳንዷ ደቂቃ ዘይት እንደሆነች ያውቃል፣ ግን ጣቱ እምቢ አለው፤ ሰው ወንድሙ ሊሞት ሲል እንኳ ኩራቱን እንዲህ ያባብላል። ነብዩ የጴንጤ ልጅ ነው፣ አባቱ ወልቂጤ አስተማሪ ነበሩ፤ አብረው ጋራዥ ሲከፍቱ ከተማው የመስጊድና የቸርች ጋራዥ እያለ ያሾፍባቸው ነበር፣ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ክፉ ቃል ሳይወጣቸው ሠሩ። በአራተኛው ላይ ደወለ። ነብዩ ወዲያው አነሳ፤ ከጀርባው የመዶሻ ድምፅ አልነበረም፣ ጋራዡ ጭር ብሏል።

«ነቤ፣ ሙከሚል ነኝ።»

«አውቄሃለሁ።»

«ሰይዶ...»

«ጠዋት ሄዷል። እንዳልከው አስደግሞኛል። አጠገቤ ቆሞ።»

«ነቤ ስማኝ፣ ላስቲኩ አይደለም። መተንፈሻዋ ናት። እኔ ነኝ የደፈንኳት። ዓምና በነሐሴ፣ በቃጫ። ልነግርህ... ረስቼው ነው፣ ወላሂ ረስቼው ነው። መኪናው ጊቤ መውረድ የለበትም።»

ሙከሚል ነብዩን ያውቀዋል፤ ሲናደድ አይጮህም፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። አሁንም እየጠረገ እንደሆነ ታየው።

«ሁለተኛው ላስቲክ ሲያፈስ መተንፈሻውን ልየው ብዬ ነበር» አለ ነብዩ። «ከሥር ሆኖ አይታይም፣ ጋቢናውን ላጋድል ነው ስለው ወንድምህ ሙከሚል ላስቲኩ ነው ብሏል አለኝ። ሦስተኛው ላይም አልኩት። ከዚያ ያንን ድምፅህን እዚሁ ጋራዡ መሀል ከፍ አድርጎ አሰማኝ፣ ደንበኛ ቆሞ። እጁ ከብዷል ያልከውን። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልናገር?»

«አላወቅኩም። ከፍ አድርጎ እንደሚያሰማህ አላወቅኩም።»

«ቀስ አድርጎ ቢያሰማኝ ይሻል ነበር?» ነብዩ ተነፈሰ። «ተወው፣ አሁን የዚህ ጊዜ አይደለም። አቤኔዘር፣ የአክስቴ ልጅ፣ ወልቂጤ መለዋወጫ ይሸጣል። በባጃጅ ሰይዶ ወደሚሰግድበት መውጫ እልከዋለሁ። አንተ ስልክህን ነፃ አድርገው።»

«ነቤ፣ ይቅር በለኝ።»

«ይቅርታው ይቆየን፣ መጀመሪያ ሰውዬው ይገኝ» አለና ዘጋው።

ስልክህን ነፃ አድርገው። ሙከሚል የተሰጠው ሥራ ይኼ ብቻ ነው፣ ስልክ አለመንካት። አልጋው ላይ አስቀመጠውና እጆቹን ጭኑ መሀል ከተተ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንቅልፍ አጣሁ ሲል ቀጠሮው ከሦስት ወር በኋላ ነው ብለውት ነበር፣ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ አለ፣ የመኖሪያ ፈቃዱም ወረቀት አጠገቡ አለ፣ እሱም ለጊዜው ይላል። ሰይዶ አሁን መኪናውን ጥግ አስይዞ ይወርዳል፣ እግሩን ይታጠባል። ወይስ ዛሬ ቃሪያው እንዳይበሰብስበት ብሎ መስገጃውን ሌላ ቦታ አደረገው? አንድ ቀን፣ ዛሬ ብቻ፣ ልማዱን ቢተውስ? ሙከሚልን አምኖ ልቡ ሞልቶ ነው የሄደው ብላለች ዘይባ፤ ልቡ የሞላ ሰው ደግሞ አይቆምም። ጊቤ ይታየዋል፣ ያ ጠመዝማዛ፣ ከታች የሚጠብቀው ሙቀት፣ ሰይዶ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ ከዚያ ካምቢዮው ውስጥ የሚጀምረው ማጉረምረም፣ መጀመሪያ ቀጭን፣ ሙከሚል ይሰማዋል፣ ይኼ ድምፅ ምን ይልሃል ይለዋል ሰይዶ፣ ዘይት የለም ይለዋል፣ አቁም ይለዋል፣ አሥር ዓመቱ ነው፣ እግሩ ወለሉን አይነካም፣ ፍሬኑ ሩቅ ነው። አምስት ተኩል ሆነ። ከላይ ያለችው አሮጊት መታጠቢያ ቤቷ ገብታ ውሃ ከፈተች። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሙከሚል ውዱእ ሳያደርግ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ፣ ዱዓ ይሁን ለቅሶ ራሱም አልለየው። ስልኩ ጮኸ፣ የማያውቀው ቁጥር ነው፣ በፕላስ ሁለት አምስት አንድ ይጀምራል።

«ሙኬ፣ እኔ ነኝ። በዚህ ልጅ ስልክ ነው፣ በአቤኔዘር።»

ሰይዶ ነው። በሕይወት ያለ፣ የሚተነፍስ፣ ከጀርባው የባጃጅ ጥሩምባ የሚሰማ ሰይዶ። ሙከሚል አልጋው ላይ ቁጭ አለ፤ ቆሞ እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው።

«የት ነህ?»

«ወልቂጤ መውጫ። ሰግጄ ስወጣ ይኼ ልጅ መስጊዱ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ነብዩ መተንፈሻውን ሳትከፍት እንዳትነቃነቅ ብሏል አለኝ። ስናየው የኋላ ጎማው ራሱ ዘይት በዘይት ሆኗል፣ ሱብሃነላህ፣ ግማሹ ፈሷል። ጋቢናውን አጋደልነው።»

«ነብዩ ሌላ ምን አለ?»

«ሌላ ምንም አላለም። ክፈተው ብቻ ነው ያለው።» ሰይዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቃጫ አወጣሁ፣ ሙኬ። በፒንሳ ስቤ ስቤ። ላዩ ድንጋይ ሆኗል፣ በቤንዚን ሳጥበው መሀሉ ነጭ ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለው።»

ሁለት ቋጠሮ። እማ የፈተለችውን ቃጫ ጫፉን ሁለቴ ነበር የምትቋጥረው፣ ሌላው ሰው አንዴ ቋጥሮ ሲተው። ገበያ ላይ ከስንት ገመድ መሀል ሰው የሷን ለይቶ ያነሳ ነበር።

«የእማ እጅ ነው» አለ ሰይዶ። «ነብዩ ቤታችን ገብቶ የእማን ቃጫ አይበጥስም።»

«እኔ ነኝ» አለ ሙከሚል። «ለጊዜው ብዬ ነው። ረሳሁት።»

ስድብ ጠበቀ። ቢሰድበው ደስ ይለው ነበር፤ ሰይዶ ሲቆጣ ይቆጣል፣ ከዚያ ይበርድለታል፣ ከዚያ ምሳ በላህ ወይ ይላል። አሁን ግን አልተቆጣም። መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ ይሰማል፣ የአቤኔዘር ድምፅ ዘይቱ ሞልቷል ሲል ይሰማል።

«ነብዩን በሰው ፊት አዋርጄዋለሁ» አለ ሰይዶ። «ስመለስ እግሩ ላይ እወድቃለሁ፤ የእኔ ነው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ። አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይኼን መኪና እስክትሄድ ድረስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካንተ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም፣ አይደል? እንዲህ ለጊዜው ብለህ አድርገህ ያልነገርከኝ ሌላ ነገር አለ? ፍሬኑ ላይ፣ መሪው ላይ፣ የትም። ጊቤ ሳልወርድ ንገረኝ።»

የለም ሊል አፉን ከፈተ። ግን መኪናው መጣበት፣ ከፊት እስከ ኋላ፣ እሱ ከሥሩ ተንጋሎ እንዳለ። እንሴኖ መንገድ ላይ የተቀጠለችው የፍሬን ቱቦ፣ በኋላ ቀይሯታል፣ ቀይሯታል ወይ? ከሌላ መኪና ነቅሎ የገጠማት ያቺ ቡሎን፣ ልኳ ትንሽ አንሶ በጨርቅ የጠበቀችው፣ የትኛው ጎማ ላይ ነበረች? መሪው ሥር በሽቦ ያሰረው ነገር ነበር፣ በረመዳን፣ ሊያፈጥር ሲቸኩል፣ ያን ፈትቶታል? ዘጠኝ ዓመት ነው። ከዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለጊዜው ያላለበት ቀን የቱ ነው? እያንዳንዱን እየነካ ሄደ፣ አንዱ ላይም እጁ አልቆመም፤ ሰይዶ እየጠበቀ ነው፣ ቃሪያው እየሞቀ ነው፣ ከላይ አሮጊቷ ውሃውን ዘጋች።

«አላስታውስም» አለ።

«አላስታውስም?»

«ሰይዶ፣ አትውረድ። ነብዩ መጥቶ ይየው።»

«ቃሪያ ነው የጫንኩት ሙኬ፣ ለነገ አይደርስም። የሰው ንብረት ነው።» በሩ ሲከፈት ተሰማ፣ ሰይዶ ወደ ላይ ሲወጣ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። «ከዚህ በፊት አላስታውስም ብለኸኝ አታውቅም ነበር።»

ሙከሚል ስልኩን አትዝጋው አለው፣ ሰይዶም የሰው ስልክ ነው አለ፣ ግን ወዲያው አልዘጋውም። ሞተሩ ተነሳ። ሙከሚል ዓይኑን ጨፈነ፤ ፎሌ ላይ ነው፣ ትንሽ ያንቀጠቅጠዋል፣ የድሮው ነው። ቢስሚላህ አለ ሰይዶ፣ ለእሱ ሳይሆን ለመንገዱ። ከዚያ ስልኩን ለባለቤቱ ሲያቀብል ድምፁ ራቀ፣ አንደኛ ማርሽ ገባ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ እና በሁለተኛው መሀል አንድ ቀጭን ነገር ያጉረመረመ መሰለው፣ ወይም ባጃጅ ነበር፣ እርግጠኛ አልነበረም። አቤኔዘር ሄሎ አለ፣ ሄዷል፣ ሰላም ይግባ አለ፣ ዘጋው። ጊቤን ለመውረድ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ታች ኔትወርክ የለም፣ የሰይዶም ስልክ ጠፍቷል። ሙከሚል ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ፣ ካልሲውን እንዳደረገ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀረ።